ውርጭ እያለ ምድር ሞቀች እንዴት ይባላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ሲሆን የምተዳደረውም በግብርና ነው። ሬዲዮው ምድር በሙቀት አማቂ ጋዞች ምክንያት እየሞቀች መሆኗን ዘወትር ይነግረናል፤ እኛ ግን ዘንድሮም በኅዳር ባቄላችንን ውርጭ መታብን። ሁለቱ ነገር እንዴት ይታረቃል? ደግሞስ ጋዞቹን ከአበባ እርሻ የላስቲክ ቤት ጋር የሚያመሳስሏቸው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ውርጩ የጋዞቹን ሥራ የሚያስተባብል ሳይሆን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ነውና ከራስዎ ማሳ እንነሣ። ባቄላዎ የተመታበት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም የረጋ ነበር ብንል የምንሳሳት አይመስለንም፤ ደመና ባንዣበበበት ሌሊት ውርጭ እምብዛም አይወርድምና። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ለዓይን በማይታይ፣ ታህተ ቀይ በሚባል ጨረር ወደ ላይ ይለቃል። ደመናና በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ከዚህ ጨረር ብዙውን ውጠው ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሱታል። በበጋ የደጋው አየር ግን ደረቅ ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ በመሆኑ ሙቀቱ ብዙም ከልካይ ሳያገኝ ያመልጣል፤ ማለዳ ቅጠሉ ላይ ነጩን አመዳይ የሚያገኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴንም የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ደመና መጥተው የሚሄዱ ሳይሆኑ በዓለም ዙሪያ ቀንም ሌትም ተሰራጭተው መኖራቸው ነው። ከደረቅ አየር 99 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ቢሆንም እነዚህ ሁለቱ ጨረሩን ስለማያግዱት ሥራው በጥቂቶቹ ላይ ወድቋል። ሙቀት አማቂዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ 15 ዲግሪ ገደማ የሆነው የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ይሆን ነበር። የመንዝ ባና የገላን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ ከራሱ ሙቀት አያፈልቅም፤ የተቸገርነው ባናው በመኖሩ ሳይሆን በላዩ ሌላ እየተደረበ በመሆኑ ነው። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በገፍ መቃጠል ከመጀመሩ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 280 ያህል ነበር፤ አሁን ከ420 በላይ ሆኗል። ስዊድናዊው ሳይንቲስት አሬኒየስ የዚህ ጋዝ መጨመር ምድርን እንደሚያሞቅ በስሌት ያሳየው ገና በ1896 በአውሮፓ አቆጣጠር ነበርና ነገሩ ትናንት የተፈጠረ ወሬ አይደለም። የሞቀ አየር ብዙ የውሃ ተን ይሸከማል፤ ተኑም በተራው ሙቀት ያግዳል፤ እንደ አራጣ ወለድ መሆኑ ነው።

«ፀሐይዋ በርትታ ይሆናል» የሚሉ አሉ። ፀሐይ ብትበረታ ኖሮ የላይኛው ከባቢ አየርም አብሮ በሞቀ ነበር፤ የተለካው ግን ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው መቀዝቀዙ ነው።

እስካሁን የምድር አማካይ ሙቀት ከ1 ዲግሪ ጥቂት በላይ ጨምሯል። ይህ የዓለም ሁሉ፣ የብዙ ዓመታት አማካይ ስለሆነ የእርስዎን ማሳ አንዲት ጥርት ያለች የኅዳር ሌሊት አያስቀርልዎትም።

የላስቲክ ቤቱን በተመለከተ፣ ማመሳሰሉ ትንሽ ያሳስታል። ላስቲኩ በዋናነት የሚሠራው የሞቀው አየር ሽቅብ ወጥቶ ከቀዝቃዛው እንዳይቀላቀል መከልከል ነው፤ የጎን መጋረጃው ሲገለጥ ወዲያው የሚቀዘቅዘውም ስለዚህ ነው። ጋዞቹ ግን አየሩን አይገድቡም፤ የሚይዙት ጨረሩን ነው።