ጀርመን ውስጥ ያለ ክፍያ ኢንተርንሺፕ ልቀበል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ያለ ክፍያ የ6 ወር ኢንተርንሺፕ ልቀበል ወይ ብለሃል። መጀመሪያ የትምህርት ክፍልህን ደንብ እይ፤ ግዴታ ነው ወይስ በራስህ ፍላጎት የምትሠራው? ግዴታ ከሆነ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉ አይመለከተውም፣ ለውጭ አገር ተማሪ በዓመት ከተፈቀዱት 140 የሥራ ቀናትም አይቀነስብህም። በፍላጎትህ ሆኖ ከ3 ወር ካለፈ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊከፍሉህ ይገባል። “ልምድ ታገኝበታለህ” በምትል ቃል አትሸወድ።

ቢሮ ውስጥ በእንግሊዝኛ ትግባባለህ፤ ምሳ ላይ ግን ወሬው ሁሉ በጀርመንኛ ነው፣ እኔ መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብዬ ነበር የምበላው።

ቤት ከቀየርክ በ2 ሳምንት ውስጥ አድራሻህን አስመዝግብ፤ አከራይህ የሚፈርምልህ ወረቀት ያስፈልጋል። ስምህንም ፖስታ ሳጥኑ ላይ ለጥፍ። ቀልድ እንዳይመስልህ፣ ስም ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል፤ የግብር መለያ ቁጥርህ ደግሞ የሚመጣው በፖስታ ነው።