ቤት ተቀምጦ ወዳጅ ማፍራት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ከቤት ሆኖ ስለ መሥራት ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት የኢንተርኔትን መቆራረጥ ሳይሆን የሰውን መራቅ ነው። ረዘም ያሉትን አሳጥሬ መልሻለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር የሚሠሩ አንባቢ፣ ጎረቤቶቻቸው «ልጅሽ ቤት ተቀመጠ አይደል» እያሉ እናታቸውን እንደሚያጽናኑ ጽፈው ምን ላድርግ ይላሉ።

እድር ይግቡ፤ መዋጮዎንም ቀኑን ሳያሳልፉ ይክፈሉ። ወሬው በሁለት ወር ውስጥ ይቆማል።

ከደብረ ሲና፦ አባታቸውን ለማስታመም ከአዲስ አበባ የተመለሱ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሪፖርታቸውን አንድም ቀን ሳያዘገዩ ከቤት ሆነው እየሠሩ ሳለ ሁለት በሥራ ታናናሾቻቸው የሆኑ ባልደረቦች ዕድገት አገኙ። ስማቸው ሲነሳ «እሷ አለች እንዴ?» መባሉንም ሰሙ። «ሥራዬ አይመሰክርልኝም ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ይመሰክርልዎታል፤ የሚሰማው ግን ሪፖርቱን የሚቀበለው አለቃዎ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ሲውሉ ከሌላ ክፍል ሰው ጋር በደረጃው ላይ ወይም በሻይ ሰዓት ይተላለፉ ነበር፤ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያ አጋማሽ 61,182 በአሜሪካ የሚገኙ የድርጅቱን ሠራተኞች ግንኙነት መርምረው፣ ሠራተኛው ቤት ሲውል ከቅርብ ባልደረቦቹ ጋር እየተጣበቀ ከሌሎች ክፍሎች ጋር እየተራራቀ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ጉዳቱ የሚገባን ደግሞ ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመውን ጥናት ስናስታውስ ነው፦ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ ወሬውን አዘውትረው ከሚያገኙት ሰው የሰሙት ከ100 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነው። አብሮን የሚውል ሰው የሚሰማው እኛ የምንሰማውን ነውና።

እኔም ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ በቤቴ መጻፍ ስጀምር ለሁለት ዓመት ማንንም ሳልጠይቅ ከረምኩ። በኋላ ለአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ብደውል፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የደወልኩት ጉዳይ ስለነበረኝ ነው።

እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ነገሩን እንደ ተከፋይ ሒሳብ ይያዙት። ከክፍልዎ ውጭ የሚያውቋቸውን 10 ሰዎች ስም ይጻፉ፤ ለእያንዳንዳቸው በሁለት ወር አንዴ፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ የሚጠቅማቸውን ነገር ይላኩ፦ አዲስ የወጣ የግብር መመሪያ ወይም ልጅ ለወለደ እንኳን ማርያም ማረችልህ፣ ማረችሽ። ጣርማበርን ወጥቶ አዲስ አበባ መድረስ አድካሚ ቢሆንም፣ አባትዎን የሚያይልዎ ሲገኝ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይሂዱ፤ የሚሄዱበትንም ቀን ቀኑን ሙሉ ስብሰባ የሚዋልበት አያድርጉት፤ ዋናው ጉዳይዎ ምሳው ነውና። ስለ ዕድገቱ አሠራር ግን የሰው ኃይል ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከመሐል ሜዳ፦ በቅርቡ የተመረቀ ወጣት በአንድ ሳምንት ውስጥ ለ300 ሰዎች በሊንክድኢን (ሰዎች ለሥራ በሚተዋወቁበት ድረ ገጽ) የትውውቅ ጥያቄ ልኮ መልስ አጣሁ ይላል።

ልጄ፣ 300 በር አንኳኩተህ ስምህን ሳትናገር ነው የሄድከው። ለ5 ሰዎች ብቻ፣ ማን እንደሆንክና ከሥራቸው የቱን እንዳየህ ገልጸህ፣ አንድ የሚመለስ ጥያቄ ጻፍላቸው። «ሥራ ካለ» የሚለውን ለጊዜው ተወው።

ከሸዋ ሮቢት፦ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ካሜራ መክፈት ግዴታ ነው?

ቢያንስ ሰላምታው እስኪያልቅ ይክፈቱ፤ ሙቀቱ ኮት ላለመልበስ እንጂ ፊት ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም።

ከዓለም ከተማ፦ ጀርመን ካለ ደንበኛቸው ጋር የያዙት ቀጠሮ ባልታወቀ ምክንያት በአንድ ሰዓት ተዛንፎባቸው የተቀየሙ አንባቢ አሉ።

ደንበኛዎ አልዋሸም። እነርሱ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ በበጋቸው በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት እንቀድማቸዋለን።

ከእነዋሪ፦ ቤታቸው ሆነው የሚተረጉሙ እናት፣ አንድ የሚያውቁት ሰው ካገናኛቸው አሠሪ የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ የጽሑፍ ውልም የላቸውም። «ብጠይቅ ያስተዋወቀኝን ሰው አስቀይማለሁ» ብለው ዝም ብለዋል።

እመቤቴ፣ ዝምታዎ ትውውቁን አያድነውም፤ ያገናኘዎት ሰው ጭራሽ ላያውቅም ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከቤት ሆኖ የሚሠራን ሰው ውል ያውቃል፤ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም ብቻውን መብትዎን አያሳጣዎትም። ነገር ግን የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል፤ እርስዎ ደግሞ ሦስቱን ጨርሰዋል። ሥራዎ በዚህ አዋጅ የሚሸፈን የሠራተኛ ሥራ ይሁን ወይስ የግል አገልግሎት፣ እኔ ከደብዳቤዎ ልወስን አልችልም፤ ስለዚህ የተላላካችሁባቸውን መልእክቶች በሙሉ አትመው በዚህ ሳምንት ከጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ። ለሌሎቹ ጠያቂዎች ባለሙያ አማክሩ የምለው ለወጉ ያህል ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን አጥብቄ ነው የምለው። ላስተዋወቀዎት ሰውም ከጠበቃው ሲመለሱ ደውለው የሆነውን ይንገሩት።