ያልተመረጠ ልባሽ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ደሴ ሱቅ አለኝ፤ ወንድሜ ናይሮቢ ይነግዳል። ያልተመረጠ ልባሽ በኮንቴይነር ብናስመጣስ?

መልስ፦ ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እንዳያስቡት፤ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ክልክል ነው፣ ይወረሳል። ኬንያ ውስጥ ግን የተፈቀደ ንግድ ነው፤ ከመጫኑ በፊት የተባይ ማጥፊያ ጭስ የምስክር ወረቀት ይያዝ።

ያልተመረጠ ማለት ከሰው ቤት እንደወጣ፣ ከረጢቱ ሳይፈታ የሚሸጥ ነው። ስለዚህ ነጠላ ጫማም፣ ትራስም፣ እርጥብ ፎጣም አለበት። አንዷ እርጥብ ፎጣ ባሕር ላይ ሰንብታ ዙሪያዋን ታሻግታለች። ወፍራም ካፖርት ደግሞ ኪሎውን ይበላል።

ወንድምዎ ሳይከፍል ከክምሩ ፊት ሳይሆን ከኋላው 3 ከረጢት ያስፈታ፤ የሚሸጠውን ለይቶ ይመዝን። ለምሳሌ 100 ኪሎ በ6,000 ብር ተገዝቶ የሚሸጠው 55 ኪሎ ከሆነ፣ ኪሎው 60 ሳይሆን 109 ብር ገደማ ነው፤ ያውም ማጓጓዣው ሳይታሰብ።