ሁለተኛው መውጫ

አንዲት ወጣት የፕላን ባለሙያ ሰሞኑን ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የነባሩ ሰፈር ሰዎች አዲሱ የመኖሪያ ሳይት ከእኛ ጋር በመንገድ እንዳይገናኝ ብለው ተፈራርመው መጡ። ምን ላድርግ?» ቶሎ አልመለስኩላትም። የቆየ ቁስል ነካችብኝ።

ወጣት ሳለሁ አንድ የመኖሪያ ሽንሻኖ፣ ማለትም መሬት ለቤት መሥሪያ የተከፋፈለበት ፕላን፣ ለግምገማ ቀረበልን። አርባ ምናምን ፓርሴል (የቤት መሥሪያ ቦታ)፣ መውጫው ግን አንድ። ከነባሩ ሰፈር ጋር በሚዋሰንበት በኩል ጠበብ ያለች ቦታ ለመንገድ ተይዛ ነበር። ስብሰባው ላይ ስለ ቤቶቹ ከፍታ፣ ስለ አጥርና ስለ ጣሪያ ቀለም ተወራ። ያቺ መንገድ ትከፈት ብዬ ተከራከርኩ። ነዋሪዎቹ መኪናው ሁሉ በራችን ሊያልፍ ነው ብለው ሰጉ፤ ስጋታቸውም እውነት ነበረው። ኮሚቴው «ለወደፊት ትቆይ» ብሎ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ቦታዋ ከጎኗ ካለው ፓርሴል ጋር ተቀላቀለች። ታጠረች፣ ቤትም ተሠራባት። ቤት ያረፈበትን መንገድ ከዚያ በኋላ ማን ያስመልሳል?

ድሮ ልጆች በዚያ ሜዳ አቋርጠው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ሳይቱ ሲሠራ ዙሪያውን ዞረው፣ የእግረኛ መንገድ በሌለው አስፋልት ዳር ከመኪና ጋር እየተጋፉ መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን አሸዋ የጫነ መኪና መውጫው ላይ ተበላሽቶ ቆመ። አምቡላንሱ ከወዲያ፣ ታማሚው ከወዲህ። ሰው ተረባርቦ በቃሬዛ አሳለፈው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኢንተርናሽናል ፋየር ኮድ የሚባለው የእሳት አደጋ መከላከያ ደንብ በአባሪው ከ30 በላይ ቤቶች ላሉት ሰፈር በመርህ ደረጃ ሁለት የተለያዩ መግቢያዎችን ይጠይቃል። ከ46 ሜትር በላይ የሚረዝም ጫፉ ዝግ መንገድም የእሳት አደጋ መኪና መዞሪያ ያስፈልገዋል። ዝግ መንገድን አልጠላም። እ.ኤ.አ. በ1929 በኒው ጀርዚ የተጀመረው የራድበርን ሰፈር በዝግ መንገዶች የተሠራ ነው። እዚያ ግን ከቤቶቹ ጀርባ በአረንጓዴው ቦታ የሚያልፍ የእግረኛ መንገድ ነበር፤ ከዋናው መንገድ በታችም መሻገሪያ ተሠርቷል። በኋላ የመጣው ሰው ዝግ መንገዱን ቀዳ፣ የእግረኛውን ተወ።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ፈጣን ናችሁ። ግን ሳይቱን በሳተላይት ምስል ብቻ አይታችሁ የምትፈርሙ አላችሁ፤ ይህ ያስፈራኛል። ጠዋት ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት ሄዳችሁ መውጫው ላይ ቁሙ። ሰፈርተኛውን ስሙ፤ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ከኮንቱሩ (ካርታው ላይ ካለው የከፍታ መስመር) በላይ ያውቃል። በመውጫ ጉዳይ ግን ማንም ቢፈርም እጅ አትስጡ።

ለልጅቷ በመጨረሻ ያልኳት ይህን ነው። ፊርማውን አትናቂው፤ ሰዎቹ የፈሩት የመኪናውን ብዛት ነው። ስለዚህ መገናኛው ለእግረኛና ለብስክሌት ክፍት ይሁን። ለመኪና በሚነቀል ምሰሶ ይዘጋ፤ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ብቻ ይከፈት። ስፋቱ ከ6 ሜትር አይነስ፣ ካርታው ላይም የሕዝብ መንገድ ተብሎ ይመዝገብ። ግንባታው ሲጀመርም ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት መገናኛው ይሠራ።