8 ቀን ለግብፅ፦ ከአስዋን ጀምሪ፣ ካይሮን ለመጨረሻ አቆዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በጥር ከእናትሽ ጋር ለ8 ቀን ግብፅ ልትሄጂ ነው። ካይሮ፣ እስክንድርያ፣ ሉክሶር፣ አስዋን፣ አቡ ሲምበልና ሻርም ኤል ሼክ ሁሉንም ማየት ትፈልጊያለሽ። እናትሽ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «እንዴት ላብቃቃው?» ነው ያልሽው።

እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያው ልክ አንቺ እንዳሰብሽው ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርሽ፦ እስክንድርያንና ሻርምን አውጫቸው። ሻርም ባሕር ነው፣ ሌላ ጊዜ ለብቻው ይኬዳል። እስክንድርያ ቆንጆ ከተማ ናት፤ ግን ከካይሮ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደርሶ መልስ አንድ ሙሉ ቀን ይበላብሻል። ያኔ ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት 6 ከተማ በ7 ቀን ብሎ ሸጦልን፣ ግማሹን ጊዜ መንገድ ላይ ጨረስነው። ሉክሶር ያለው የካርናክ ቤተ መቅደስ የደረስነው ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ነው። 134 ዓምድ ያለውን አዳራሽ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ አንዱን ዓምድ እንኳ እስከ ጫፉ ሳላየው፣ «ፍጠኑ ፍጠኑ» እየተባልኩ መውጣቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ የተማርኩት ቀን ሳይሆን ጠዋት መቁጠርን ነው። ግብፅ ውስጥ ትልልቆቹ ቦታዎች ጠዋት ሲከፈቱ ሌላ ናቸው፣ አራት ሰዓት ላይ አውቶቡሶቹ ሲራገፉ ደግሞ ሌላ። አንቺ ያለሽ 7 ጠዋት ነው። ከከተማ ከተማ የምትሄጂው ከሰዓት ወይም ማታ ከሆነ አንዱም አይባክንም።

አሁን ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ካይሮ ይወርድና እዚያው ይጀምራል። እኔ ግን ካይሮ እንደደረሳችሁ በዚያው ቀን የአገር ውስጥ በረራ ይዛችሁ አስዋን እደሩ እላለሁ። ከዚያ ከዓባይ ወንዝ ጋር ወደ ሰሜን ትወርዳላችሁ። አንደኛ፣ የአገር ውስጥ በረራ ቢዘገይ እንኳ መጨረሻው ላይ ካይሮ ስለምትሆኑ የመመለሻው አውሮፕላን አያመልጣችሁም። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይበልጣል። የደቡቡ ቤተ መቅደሶች አብዛኞቹ በዕድሜ ትንንሾቹ ናቸው፤ ኤድፉ ያለው የጥንቱ አምላክ የሆረስ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237 ተጀምሮ በ57 ነው ያለቀው። ጣሪያው ሳይቀር አለ። ከሰፊው ግቢ ወደ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ ወደ ቅድስተ ቅዱሳኑ እየጠበበና እየጨለመ ሲሄድ በእግርሽ ትረጂዋለሽ። ከዚያ በኋላ ካርናክ ስትገቢ ፍርስራሹን ማንበብ ትችያለሽ፣ የቱ ጋ በር እንደነበረ፣ የቱ ጋ ካህኑ ብቻ ይገባ እንደነበረ ይገባሻል። እኔ መጀመሪያ ካርናክን ያየሁት ሳልረዳው ነው።

አስዋን ከደረሳችሁ በማግስቱ አቡ ሲምበል ሂዱ። መኪናዎቹ የሚነሱት ከሌሊቱ አስር ሰዓት አካባቢ ነው፣ መንገዱ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ለእናትሽ ትራስና ጋቢ ያዢላቸው፣ በጥር የበረሃው ሌሊት ብርድ አለው። የቤተ መቅደሱ ታሪክ ራሱ ጉድ ነው፤ የአስዋን ግድብ ሐይቅ ሊውጠው ሲል ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ተራራውን ቆራርጠው 65 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው እንደገና ገጥመውታል። ከሰዓት በኋላ ምንም አትያዙ። ወንዙ ዳር ብቻ ተቀመጡ። ያ ውሃ አብዛኛው ከእኛ የሄደ ነው፤ እኔ አስዋን ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ዝም ነው ያልኩት፣ እናትሽም ደስ ይላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

በሦስተኛው ቀን ፊላኤ። ትንሽ ደሴት ናት፣ በጀልባ ነው የሚኬደው፣ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ደርሶ መልስ ብላችሁ ጨርሱ። የጥንቷ የግብፅ አምላክ የኢሲስ ቤተ መቅደስ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስለነበር ግድግዳው ላይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። ለእናትሽ አሳያቸው።

ከዚያ መርከብ። ከአስዋን ወደ ሉክሶር አብዛኛው ጉዞ 3 ሌሊት ነው፣ በተቃራኒው ሲሆን ብዙ ጊዜ 4። መርከቦቹ በየቀኑ ስለማይነሱ መጀመሪያ የመርከቡን ቀን ያዢ፣ በረራውን በእሱ አስተካክዪ። በመኪናም በአንድ ቀን መንገድ ላይ ያሉትን የኮም ኦምቦንና የኤድፉን ቤተ መቅደሶች እያዩ መድረስ ይቻላል፣ ይረክሳልም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ግን መርከቡ ይሻላል፤ ሻንጣ አይታሰርም አይፈታም፣ አልጋቸው አብሯቸው ይሄዳል። ኤድፉ ላይ ወደ ቤተ መቅደሱ በፈረስ ጋሪ ይወስዱሻል፣ ፈረሶቹ ብዙ ጊዜ የተጎዱ ናቸው። እኔ ባጃጅ ነው የያዝኩት።

ሉክሶር ላይ አትቸኩሉ። የነገሥታት ሸለቆ ያለበትን የወንዙን ምዕራብ ዳርቻ አንድ ጠዋት፣ ካርናክን ሌላ ጠዋት። የነገሥታት ሸለቆ መደበኛው ቲኬት ሦስት መቃብር ያስገባል። ለእናትሽ የራምሴስ 4ኛን ምረጪ፣ መግቢያው ሰፊ ነው፣ ቁልቁለቱም ቀላል ነው። የቱትሞስ 3ኛ ደረጃ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ እሳቸውን አታስሞክሪያቸው። ከበሩ እስከ መቃብሮቹ የሚያደርስ ታፍታፍ የሚሉት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አለ። የቱታንክሃሙን ቲኬት ለብቻው ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ብዙ ሰው «ይሄ ብቻ?» ብሎ ይወጣል። እኔ ግን ግቡ እላለሁ፣ ምክንያቱም አስከሬኑ አሁንም እዚያው ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ቆይታችሁ ካይሮ ላይ የወርቅ ጭምብሉን ስታዩት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ሰው የሚያልፈው ግን ሊታለፍ የማይገባው መዲነት ሀቡ ነው። የራምሴስ 3ኛ ቤተ መቅደስ ነው፣ ጽሑፉ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ጠልቆ ተቀርጿል፣ ጣሪያው ሥር ቀለሙ ሳይለቅ አለ፣ ሜዳው ደልዳላ ነው፣ ሰውም አይበዛም። የሉክሶርን ቤተ መቅደስ መብራት ሲበራ ማታ እዩት።

በስድስተኛው ቀን ከካርናክ በኋላ፣ ማታ ወደ ካይሮ በረራ። በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ሳቃራ፣ ከዚያ ጊዛ። ሳቃራ ያለው የጆሴር ባለ ደረጃ ፒራሚድ ከጊዛዎቹ ይቀድማል፣ ከእሱ ጀምራችሁ ስትሄዱ ፒራሚድ መሥራትን እንዴት እንደተማሩት ይታያችኋል። የኩፉ ፒራሚድ ውስጥ መግባት ግን ለእናትሽ አይሆንም፣ ጎንበስ ብሎ መውጣት አለበት፣ አየሩም ያፍናል። ግመል የሚያከራዩት «መውረጃ» ብለው ሌላ ገንዘብ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ሁሉንም አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ወይም «ላ፣ ሹክራን» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ እለፉ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት የድሮው ካይሮ፣ የኮፕቶቹ፣ የግብፅ ክርስቲያኖች ሰፈር። አቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን ሥር ማርያም፣ ኢየሱስና ዮሴፍ ወደ ግብፅ በተሰደዱ ጊዜ አርፈውበታል የሚባለው ዋሻ አለ። ለእናትሽ ከፒራሚዱ የሚበልጥባቸው ይሄ ሊሆን ይችላል፣ ሰዓት አትገድቢባቸው። ከሰዓት ታላቁ የግብፅ ሙዚየም፣ ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ ያለው፣ በኖቬምበር 2025 እ.ኤ.አ. በይፋ የተከፈተው። ከቱታንክሃሙን መቃብር የወጣው ከ5,000 በላይ ዕቃ እዚያ ነው። ሌሎቹን ትታችሁ እሱን ብቻ ብታዩም ይበቃል። ቲኬቱን ቀድመሽ ኦንላይን ግዢ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ብዙ ቦታ የቲኬት መስኮቶች ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይዘሽ ሂጂ። ዝርዝር የግብፅ ፓውንድም አይለይሽ፤ ለሽንት ቤት፣ ለሻንጣ ተሸካሚ፣ መቃብር ውስጥ «ና ላሳይህ» ለሚለው ጠባቂ ሁሉ ባክሺሽ (ጉርሻ) አለ። ቪዛው እጅሽ ሳይገባ ግን ለሆቴልም ለመርከብም የማይመለስ ክፍያ እንዳትፈጽሚ።

እናትሽ በአንድ ጊዜ ስንት ደረጃ ይወጣሉ? ያለ ዕረፍት ስንት ደቂቃ ይራመዳሉ? እሱን ጻፊልኝና የሉክሶሮቹን መቃብሮች አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።