ሒሳብ በኮሚኒቲ ኮሌጅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሜሪላንድ ውስጥ በኮሚኒቲ ኮሌጅ (በሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ፣ በሒሳብ ዲግሪ ይዣለሁ። አሁን የምሠራው ኢንሹራንስ ውስጥ ነው። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ ልመልስ።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ። ለምደባ ፈተናው መዘጋጀት አለብኝ?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ በደንብ ተዘጋጅ! ከየትኛው የሒሳብ ኮርስ እንደምትጀምር የሚወስነው እሱ ነው። ኮርሶቹ ፕሪካልኩለስ (የካልኩለስ መሰናዶ)፣ ካልኩለስ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቀጥላል፤ አንዱን ሳታልፍ ቀጣዩን አትወስድም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ፕሪካልኩለስ ከያዝክ በአራተኛው ካልኩለስ 3 ላይ ትደርሳለህ። ከዚያ ዝቅ ብለህ ከተመደብክ ግን በሰመር (በክረምት ዕረፍት) ካልተማርክ በስተቀር ሁለቱ ዓመት አይበቃህም። እኔ ሳልከልስ ገብቼ ከፕሪካልኩለስ በታች ያለው ኮሌጅ አልጀብራ ደረሰኝ። የማውቀውን ትምህርት በገንዘቤ ደገምኩት። አሁንም ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ሒሳቡ አያስፈራኝም፤ እንግሊዝኛው ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ካልኩለስ 1 ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ስለ ቤዝቦል ዳይመንድ መጣ። ሯጩ ከሆም ቤዝ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሮጣል፤ ከሁለተኛው ቤዝ ያለው ርቀት በምን ፍጥነት ይቀንሳል? ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነት ስሌት) አብጠርጥሬ አውቃለሁ። ቤዝቦል ግን አይቼ አላውቅም። ዳይመንድ የሚሉት እያንዳንዱ ጎኑ 90 ጫማ የሆነ ካሬ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ በፓይታጎረስ ወዲያው እጀምረው ነበር። ወረቀቱን ባዶውን መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ያልገባኝ ቃል ሲመጣ እጄን አወጣለሁ። መምህራኑ መልሱን ባይነግሩኝም ቃሉን ያስረዱኛል። አንቺም አትፈሪ፤ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ በሁለት ዓመቱ ዲግሪ ብቻ ሥራ ይገኛል?

መልስ፦ በሒሳብ? እምብዛም። ዋናው ጥቅሙ ለትራንስፈር፣ ማለትም ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ነው። እስከዚያው ግን ጎበዝ ተማሪ እዚያው ኮሌጁ ውስጥ ቲዩተር (አስጠኚ) ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ለሬዙሜም ጥሩ ነው። ማስተማር የሚፈልግ ሜሪላንድ ውስጥ ለመምህርነት የተዘጋጀ የሁለት ዓመት ዲግሪ አለለት። እዚህ አካባቢ ሒሳብ የተማረ ሰው የሚቀጥሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አሉ፤ ፎርት ሚድ ያለው ኤንኤስኤ (የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ) አንዱ ነው። ያ ግን ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሒሳብ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እኔ ነርሲንግ ይሻላታል ባይ ነኝ። እንጀራ ይሆናታል?

መልስ፦ አባቴ፣ ይሆናታል። አክቹዋሪ የሚባሉት የኢንሹራንስን ኪሳራ ቀድመው የሚያሰሉ ባለሙያዎች ናቸው። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ መሠረት መካከለኛ የዓመት ደመወዛቸው በ2023 እ.ኤ.አ. 120,000 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ፈተናቸው «ፒ» ይባላል፦ ሦስት ሰዓት፣ 30 የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ጥያቄ። ዲግሪ ሳትይዝም መፈተን ትችላለች። ከሒሳቡ ጎን ስታትስቲክስና ኮዲንግ እንድትወስድ ይምከሯት፤ ቀጣሪ የሚጠይቀው እሱን ነው። ነርሲንጉን ግን ሳትፈልግ አያስገቧት።

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው። ሌሊት እሠራለሁ፣ ልጅ አለኝ። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። በየሴሚስተሩ አንድ የሒሳብ ክላስ ብቻ ያዢ፤ ግን አታቋርጪ። አንድ ዓመት ያረፈ ካልኩለስ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው። ከመመዝገብሽ በፊት ክሬዲቱን የምትዛወሪበት ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለው አረጋግጪ። ሜሪላንድ ከሆንሽ አርትሲስ በሚባለው ድረ ገጽ ኮርሱን በኮርስ ማየት ትችያለሽ።