«የኛ ፈረስ አይረግጥም» ለሚሉሽ

እህቴ፣ «ጋጣ ውስጥ ሥራ ልጀምር ነው፤ ካልጋለብኩ ምን ይጎዳኛል?» ብለሻል። እኔ 11 ዓመት ፈረስ ስመግብ፣ ስቦርሽና ስስብ ኖሬያለሁ። የተጎዳሁት ሁሌ እግሬ መሬት ላይ እያለ ነው። ወድቄ አላውቅም፤ ለነገሩ የምጋልበውም ስንቴ ነው።

የባሰውን ልንገርሽ። ጎኔን የረገጠችኝ ከሁሉም የዋህ የምንላት ባዝራ ነበረች። ድርቆሽ ታቅፌ ድምፅ ሳላሰማ ከኋላዋ አለፍኩ። የጎረቤቷ ፈረስ አንገቱን ሲያሰግግባት እሱን ልትረግጥ እኔን አገኘችኝ። ሁለት የጎድን አጥንት ሰበረችብኝ! ክፋት ግን አልነበረም። ፈረስ ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ልክ ከጭራው ኋላ ያለውን ግን አያይም። ያላየው ነገር ካስደነገጠው መጀመሪያ ይረግጣል፣ ማጣራቱ ኋላ ነው።

ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ እያወራሽ ቅረቢው። ከኋላው የግድ ካለፍሽ፣ ወይ እጅሽን ዳሌው ላይ አድርገሽ ጥግት ብለሽ እለፊ፣ ወይ ሦስት አራት ሜትር ራቂ። አጥንት የሚሰብረው መሀሉ ነው። እግሩ ተዘርግቶ ሙሉ ጉልበት የሚያገኘው እዚያ ላይ ነዋ።

የመሳቢያውን ገመድ እጅሽ ላይ እንዳትጠመጥሚ። 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ሲበረግግ ጣት ይዞ ይሄዳል። ባልደረባዬ ላይ አይቻለሁ። አጣጥፈሽ በመዳፍሽ ያዢው፣ ጓንትም አድርጊ። እግሩ ሥር ስትሠሪ ቁጢጥ በይ እንጂ አትንበርከኪ፤ ተንበርክከሽ ቶሎ መነሳት አይቻልም። በፈረሱና በግድግዳው መሀል አትግቢ። ጫማሽ አፍንጫው ብረት ያለው ይሁን። እኔ መኪና ላይ ስጭናቸው ሄልሜት አደርጋለሁ። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ።

ሆድሽን ከረገጠሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ ወደ ቤት አትሂጂ። የውስጥ መድማት ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ካዞረሽ ወይ ካስመለሰሽም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽን ደግሞ ከአሁኑ ጨርሺ፤ ጋጣ ውስጥ አፈርና ፋንድያ ያልነካው ቁስል የለም።

እኔ የተሞኘሁት ሌላ ላይ ነው። አለቃዬ «ፈረስ ባለበት እርግጫ አይጠፋም» አለኝና ሳቅን፤ ምንም አልተጻፈም። ሕመሙ ከወራት በኋላ ሲመለስ ሥራ ላይ መጎዳቴን የማሳይበት ወረቀት አልነበረኝም። አንቺ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየውን ሰው ጽፈሽ አስፈርሚ፤ ቅጂውንም ያዢ።

ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ የትኛው ፈረስ ማንን እንደረገጠ ጠይቂ። «የኛዎቹ አይረግጡም» ካሉሽ፣ ያቺ ባዝራም አትረግጥም ነበር።